«ቀደር ነው» የሚለው ማን ነው?



የዛሬው የጁምዓ መልእክታችን ስለ ውሃ ነው። ዘንቦ ስለሚያበቅለው ሳይሆን ደርሶ ስለሚወስደው ውሃ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ከሶላት በኋላ አረፍ ስትሉ አንብቡት።

ጎርፍ ሰው ሲወስድ ከሁላችንም አፍ ቀድሞ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፦ «የአላህ ቀደር ነው።» እውነት ነው። ከአላህ ዕውቀትና ውሳኔ ውጪ የሚሆን ምንም ነገር የለም። ይህ የኢማናችን አንዱ ማዕዘን ነው፤ ማንም ሊነቀንቀው አይችልም።

ግን አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልጇን ጎርፍ የወሰደባት እናት እንባዋን እየጠረገች «ቀደር ነው» ትላለች። ግድቡን እንዲጠብቅ ደመወዝ ሲከፈለው የኖረ ኃላፊም ማይክራፎን ፊት ቆሞ «ቀደር ነው» ይላል። ቃሉ አንድ ነው። እናቲቱ ግን በዚህ ቃል ሶብር አደረገች። ሰውየውስ ምን አደረገ?

ዛሬ አብረን የምናስበው ይህንን ነው። በቀደር የሚያምን ሰው ስለ ጎርፍ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል ወይ? ከሆነስ እስከ ምን ድረስ?

ከአንዲት ከተማ እንጀምር።

ደርና በምሥራቅ ሊቢያ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። መሃል ለመሃል ከፍሏት ወደ ባሕር የሚወርድ ሸለቆ አለ፤ ዋዲ ደርና ይባላል። ዋዲ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ትንሽ ወይም ደረቅ ሆኖ ይከርምና ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ቀን ድንገት ትልቅ ወንዝ የሚሆን ቦታ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያስብ።

ይህ ዋዲ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1968 ሞልቶ ጉዳት አድርሶ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ ከከተማዋ በላይ ሁለት ግድቦች ተሠሩ። የላይኛው ከከተማዋ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 75 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 22.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። የታችኛው ከከተማዋ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታው 45 ሜትር፣ የሚይዘው 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። ሁለቱም መሃላቸው የሸክላ አፈር፣ ውጫቸው የድንጋይ ክምር ነው።

የጎርፍ መከላከያ ግድብ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለዛሬው ሐሳባችን ይጠቅመናል። እንዲህ ዓይነቱ ግድብ ጎርፉን አያጠፋውም፤ ያዘገየዋል። በአንድ ሌሊት ሊወርድ የነበረውን ውሃ ይዞ በቀናት ውስጥ ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። ግን ግድቡ ራሱ ከተሰበረ ነገሩ ይገለበጣል። ይዞት የቆየውን ሁሉ በአንዴ ይለቀዋል፤ ግድቡ ባይኖር ኖሮ ከሚመጣው የባሰ ጎርፍ ይሆናል። ማለትም አንድ ጊዜ ግድብ ከሠራህ በኋላ ትተኸው መሄድ አትችልም። መሥራቱ አማና ነው፤ መጠበቁ ደግሞ የማያልቅ አማና ነው።

በ1986 ትልቅ ጎርፍ መጣ። ግድቦቹ ተቋቋሙት፤ ከተማዋ ተረፈች። ግን ተጎዱ። በ1998 የተደረገ ጥናት ስንጥቆች እንዳሉባቸው አረጋገጠ። በ2007 ለጥገናው ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ። ሥራው በ2010 ተጀመረ። በ2011 ጦርነቱ መጣና ሠራተኞቹ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለጥገና ገንዘብ ተመደበ፤ ሥራው ግን አልተሠራም። ዓመታት አለፉ። ስንጥቁን ያዩ ሰዎች ጡረታ ወጡ፤ ኃላፊዎች ተለወጡ፤ ደብዳቤዎች መሳቢያ ውስጥ አደሩ።

በ2022 ዐብዱልወኒስ ዓሹር የተባለ የዑመር አል-ሙኽታር ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ተመራማሪ ጥናት አሳተመ። እንደ 1959ኙ ያለ ጎርፍ ዳግም ከመጣ ግድቦቹ ሊሰበሩና ከተማዋ ትልቅ አደጋ ሊደርስባት እንደሚችል፣ ስለዚህም አስቸኳይ ጥገና እንደሚያስፈልግ ጻፈ። በ2023 መስከረም መጀመሪያ ላይ ሙስጠፋ አል-ጠራቡልሲ የሚባል የከተማዋ ገጣሚ ስለ ጎርፉ ስጋት በተደረገ ስብሰባ ተገኝቶ ነበር። ከዚያም ስለ ዝናብ ግጥም ጻፈ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዳንኤል የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ከግሪክ በኩል ባሕሩን አቋርጦ ደረሰ። በአቅራቢያዋ ባለችው በአል-በይዳ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ 414 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ለ6 አጥቢያ፣ 2015 ዓ.ም ነበር። እኛ የዘመን መለወጫ ልናደርግ ስንዘጋጅ ደርና ውስጥ ሰዎች እንቅልፍ ላይ ነበሩ። አንደኛው ወገን «ውጡ» ብሏቸው ነበር፤ ሌላኛው «ከቤታችሁ አትውጡ» ብሏቸው ነበር። በሌሊቱ የላይኛው ግድብ ተሰበረ፤ ውሃው ወርዶ የታችኛውን ጠረገው፤ ከዚያም ፎቆችን ከነቤተሰባቸው ወደ ባሕር ወሰዳቸው። መሞታቸው የተረጋገጠው ብቻ ከ4,000 በላይ ናቸው። የደረሱበት ያልታወቀው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራሉ። ገጣሚው ሙስጠፋም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው፤ በውሃ የሞተን ሸሂድ ብለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩን ተስፋ ይድረሳቸው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህ ቀደር ነበር ወይስ የሰው ጥፋት?

ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። «ወይስ» የሚለው ቃል ቦታ የለውም። ዑለማዎቻችን ያስቀመጡት አንድ ጥሩ መለያ አለ፦ ቀደር ለሙሲባ ማጽናኛ ይሆናል፤ ለጥፋት ግን ማመካኛ አይሆንም። የደረሰብህን በቀደር ትቀበላለህ። ያደረግከውን ግን በቀደር አታሳብብም፤ ተውበት ታደርግበታለህ፤ ታስተካክለዋለህ። እናቲቱና ኃላፊው አንድ ቃል ተናግረው ሁለት የተለያየ ሥራ የሠሩት ለዚህ ነው። እሷ የደረሰባትን ተቀበለች። እሱ ያደረገውን ሸሸገ።

ስለዚህ «ቀደር ነው» የሚለውን ስትሰሙ ቃሉን አትመርምሩት፤ ቃሉ ሐቅ ነው። ማን እንደተናገረውና ምን ሊያደርግበት እንደተናገረው ጠይቁ። በመጀመሪያ ደግሞ ራሳችሁን።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየን ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ነው። ወደ ሻም ሲጓዝ እዚያ ወረርሽኝ እንደገባ ሰማና ለመመለስ ወሰነ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንሄዳለን የሚል ነበር። ምሳሌ አድርጎ ያመጣለትም ሸለቆን ነው፤ አንደኛው ዳርቻው ለምለም፣ ሌላኛው ደረቅ የሆነን ሸለቆ። ግመልህን በለምለሙም ብታሰማራ በደረቁም ብታሰማራ ሁለቱም በአላህ ቀደር ነው። ታዲያ የትኛውን ትመርጣለህ?

ወረርሽኙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጎርፉን ታሪክ ግን ብዙ ሰው አያወራውም።

በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ላይ ትልቅ ጎርፍ ወረደ። መካ በተራሮች መሃል ያለች ሸለቆ ናት፤ ካዕባም የሚገኘው የሸለቆው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ያ ጎርፍ ሐረም ውስጥ ገብቶ መቃሙ ኢብራሂምን ከቦታው ነቅሎ ወሰደው። አንዲት ሴትንም ወስዶ ገደላት፤ ኡሙ ነህሸል ትባል ነበር፤ ጎርፉም በስሟ «ሰይሉ ኡሚ ነህሸል» ተብሎ ቀረ። ዑመር መዲና ሆኖ ሲሰማ ደንግጦ ተነሣና መካ ገባ። ድንጋዩ ተገኝቷል፤ ግን ትክክለኛ ቦታው ጠፍቷል። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካለ ብሎ ሕዝቡን በአላህ ስም ጠየቀ።

አል-ሙጦሊብ ኢብኑ አቢ ወዳዓህ የሚባል ሰው ተነሣ። እኔ አውቀዋለሁ አለ። ለምን ያውቃል? ይህ ቀን እንዳይመጣ ይፈራ ስለነበር ነው። አስቀድሞ ገመድ ይዞ ከመቃሙ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ፣ እስከ ሒጅር፣ እስከ ዘምዘም ያለውን ርቀት ለክቶ ልኩን ቤቱ አስቀምጦት ነበር። ዑመር እሱን አጠገቡ አስቀምጦ ገመዱን አስመጣ፤ ተለካ፤ መቃሙ ቦታው ተመለሰ። ዑመር በዚህ አላበቃም። ከሐረሙ ከፍ ብሎ ጎርፉን የሚመልስ ግድብ በትላልቅ ድንጋይ አሠራ። ያ ግድብ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ኖረ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ያ ሰው ገመዱን ይዞ ሲለካ ያየው ሰው ምን ብሎት ይሆን? «አንተ ደግሞ! በአላህ ቤት ላይ ምን ይደርሳል ብለህ ነው?» የሚለው አይጠፋም። ተወኩል የጎደለው አድርገን እናየው ነበር። በተወኩሉ ግን ማንም አልጎደለውም። መፍራቱ ከሥራ አላገደውም፤ ወደ ሥራ መራው። መቃሙ ኢብራሂም ወደ ቦታው ሲመለስ አላህ ሰበብ ያደረገው የዚህን ጠንቃቃ ሰው ገመድ ነው።

ወደ የመን እንሻገር። ቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራ ሱራ ያለው አገር፣ ሰበእ። የመእሪብ ግድብ ከዒሳ (ዐ.ሰ) መወለድ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ነበር። ከተራራ የሚወርደውን የዝናብ ጎርፍ ይዞ በግራና በቀኝ ወዳሉት እርሻዎች ያከፋፍል ነበር። በሱራው የተነገሩት የቀኝና የግራ አትክልቶች በዚህ ውሃ የለሙ ነበሩ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሕዝቡ ከአላህ ዞረ፤ የዐሪም ጎርፍ ተላከበት፤ አትክልቱ እሾህ ሆነ።

የታሪክ ሰዎች ያገኙት አንድ ነገር አለ። ይህ ግድብ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየው አንዴ ጠንክሮ ስለተሠራ ብቻ አልነበረም። በየዘመኑ ይሰበራል፤ ይጠገናል። ይህን የሚናገሩ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጽሑፎች ዛሬም አሉ። ከጠጋኞቹ አንዱ ደግሞ እኛ በሌላ ታሪክ የምናውቀው ሰው ነው፤ አብረሃ። አዎ፣ የዝሆኑ ባለቤት አብረሃ፣ ከአክሱም በኩል ሄዶ የመንን የገዛው። እ.ኤ.አ. በ548 ገደማ ግድቡ ሲሰበር ሕዝብ አሰባስቦ አስጠገነው፤ ለሠራተኞቹ የቀረበውን ምግብ ሳይቀር ዘርዝሮ ድንጋይ ላይ አስቀረጸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበረ። የጠገነው አልነበረም። ሰዉም ተበተነ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የሰበእን ታሪክ ወደ ምህንድስና ብቻ ማሳነስ አይገባም። ሱራው የሚናገረው ስለ ውለታ ቢስነት ነው፤ ስለ ኩፍር። ግን እዚያው ሱራ ውስጥ፣ ከሰበእ ታሪክ ጥቂት አንቀጾች ቀደም ብሎ፣ አላህ የዳውድን (ዐ.ሰ) ቤተሰብ ሹክርን በሥራ እንዲያደርጉ ያዛል። በምላስ ብቻ አይደለም፤ በሥራ። ይህን ጎን ለጎን ስናነበው አንድ ነገር ይገባናል። የኒዕማ ሹክር ኒዕማውን መጠበቅን ይጨምራል። ውሃ የሰጠህን ጌታ «አልሐምዱ ሊላህ» እያልክ ውሃውን የያዘው ግድብ ሲሰነጠቅ ዝም ብለህ ካየህ ምላስህ አመሰገነ እንጂ እጅህ አላመሰገነም።

ሌላም ነገር አለ። አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ የመጣ ሰው ነው። ያም ሆኖ የጠገነው ግድብ ለጊዜው ውሃ ያዘ። አላህ በምድሩ ላይ ያስቀመጠው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አፈሩ የጠጋኙን እምነት አይጠይቅም። ሙእሚን ስለሆንን ብቻ ስንጥቁ አይዘነጋንም። ደርና ውስጥ ፈጅር የሚሰግዱ፣ ቁርኣን የሚሐፍዙ፣ ሌሊት የሚቆሙ ብዙ ነበሩ። ግድቡ ግን ሲሚንቶና ሸክላ ይፈልግ ነበር።

ከተፍሲር ኪታቦች አንዳንዶቹ የመእሪብን ግድብ አይጥ ቦርቡራ አፈረሰችው የሚል ወሬ ያወራሉ። ወሬው ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ግድብን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ዝሆን አይደለም፤ አይጥ ነው። ደርና ላይ አንድ ክፉ ሰው ተነሥቶ ከተማዋን ላጥፋ አላለም። አንዱ ፊርማ አዘገየ። አንዱ ገንዘቡን ለሌላ ነገር አዋለ። አንዱ «የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም» አለ። አንዱ ሪፖርቱን አነበበና «እስካሁን ምን ሆነ?» አለ። እያንዳንዱ አንዲት ቀዳዳ ቦረቦረ።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ጥፋቱ ለመቶ ሰው ከተከፋፈለ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል ነው? አንድ መቶኛ? በ2024 ሐምሌ ወር በሊቢያ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት 12 ኃላፊዎች ላይ ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ፈርዶ ነበር። የዱንያ ፍርድ ቤት ስም ያለውን፣ ወረቀት የተገኘበትን ይዞ ይፈርዳል። የቀሩትስ?

ሸሪዓችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ እኛ ግን ከጀናዛ ጋር ብቻ አያይዘነዋል። ፈርዱ ኪፋያ። አንድ ሰው ቢያደርገው ከሁሉም ይወርዳል፤ ማንም ካላደረገው ግን ኃጢአቱ፣ ማድረግ እየቻለ የተወው ሁሉ ላይ ይሆናል። ልብ በሉ፤ «ይከፋፈላል» አይልም። ኃጢአት እንደ ዳቦ ተቆርሶ አያንስም። መቶ ሰው ስለተወው የእኔ አንድ መቶኛ አይሆንም። የሁላችንም ይሆናል። ጀናዛ ሳይሰገድበት ቢቀር ሰፈሩ በሙሉ ይጠየቃል ብለን እናምናለን። ታዲያ ያ ሰው ጀናዛ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻልበት ሥራ ሳይሠራ ቢቀርስ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን የመርከቧን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። ከላይ ያሉና ከታች ያሉ ተሳፋሪዎች፤ የታችኞቹ ውሃ ለማግኘት ወደ ላይ መመላለሱ ሰልችቷቸው ከስር ሊበሱ ሲያስቡ፣ የላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። የታችኞቹ ክፋት አልነበራቸውም። እንዲያውም ሌላውን ላለማስቸገር ነው ያሰቡት። ወንዝም እንደዚያች መርከብ ነው። ከላይ ያለው የሚያደርገው ታች ላለው ይደርሳል። ላይ ዛፍ ሲቆረጥ ታች ጎርፍ ይሆናል። ላይ ያለው ቱቦ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ታች ያለው ቤት ውሃ ይገባዋል።

አንዳንዱ ደግሞ ጎርፍ ሲወስዳቸው «ለምን ወንዝ ዳር ሠሩ?» ይላል። ይህ ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ እንጠንቀቅ። ግድብ ከላይ ሲሠራ ሰው ታች ይረጋጋል፤ ቤት ይሠራል፤ ይህ በዓለም ሁሉ የታየ ነው። ግድቡ ለሰዎቹ የተሰጠ ቃል ነው። ቃሉን ያመነን ሰው አንወቅስም፤ ቃሉን የበላውን ነው የምንጠይቀው። ድሃ ደግሞ ወንዝ ዳር የሚሠራው ወንዝ ስለሚወድ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ሰው ለምን ይዘናጋል? ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጎርፍን የመከላከል ሥራ ፍሬው የማይታይ ሥራ ስለሆነ ነው። ከጎርፍ ያወጣኸው ልጅ ስምህን ይጠራል፤ ፎቶህ ይለጠፋል። ግድቡን ስለጠገንክ ሳይሞት የቀረው ልጅ ግን አያውቅህም። መዳኑንም አያውቅም። ያን ሌሊት ተኝቶ አደረ፤ በቃ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከአሜሪካ ላምጣ። በኦሃዮ ግዛት ደይተን የምትባል ከተማ በ1913 መጋቢት ወር በጎርፍ ተመታች። በአካባቢው ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ሳለ፣ ከተረፍን ይህ ዳግም እንዳይሆን እናደርጋለን ብለው ቃል ገቡ። ሲተርፉ ቃሉን ረስተው አልተበተኑም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከኪሳቸው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። አርተር ሞርጋን የሚባል መሐንዲስ ቀጠሩ። እሱም ካዩት ጎርፍ በ40 በመቶ ለሚበልጥ ጎርፍ የሚሆን አምስት ግድብ አቀደ፤ በ1922 አለቀ።

የእነዚህ ግድቦች አስገራሚ ነገር ባዶ መሆናቸው ነው። ከሥራቸው ሁልጊዜ ክፍት የሆነ መተላለፊያ አላቸው፤ ወንዙ ዝም ብሎ ያልፋል። ከኋላቸው ሐይቅ የለም፤ እርሻ ነው። የማያውቅ ሰው «ይህ ሁሉ አፈር ለምን ተከመረ?» ሊል ይችላል። ዝናብ ሲበረታ ግን መተላለፊያው የሚችለውን ብቻ ያሳልፍና የቀረው ከኋላ ይጠራቀማል። ከ1922 ወዲህ ከ2,000 ጊዜ በላይ እንዲህ ውሃ ይዘዋል። በአካባቢው ያሉ ባለንብረቶች ለጥገናው እስከ ዛሬ ይከፍላሉ። ጣሪያ ላይ ሆነው ቃል የገቡት ሁሉ ሞተው አልቀዋል፤ ቃላቸው ግን አለ።

እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። እኛ ግን ጣሪያ ላይ ሆኖ ቃል ስለመግባት ከማንም በላይ ተነግሮናል። ባሕር ላይ ማዕበል ሲመጣ አላህን በጥራት ስለሚለምኑ፣ የብስ ሲደርሱ ግን ስለሚረሱ ሰዎች ቁርኣን ደጋግሞ ይነግረናል። እኛ የትኞቹ ነን?

ለሙእሚን ደግሞ የማይታይ ሥራ ኪሳራ አይደለም። እንዲያውም ኢኽላስ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች ዋናው ነው። ማንም የማያመሰግንህ፣ ውጤቱ «ምንም አልሆነም» የሚባል ሥራ። ያልሞተውን ልጅ አንተ አታውቀውም፤ እሱም አያውቅህም። አላህ ግን ሁለታችሁንም ያውቃል። አንድ ነፍስ ማዳን ሰውን ሁሉ የማዳን ያህል ነው ሲባል፣ ከውሃ መንጥቆ ማውጣት ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ወደ ቤታችን እንምጣ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋ ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ወሰደ። ዝናቡ በብዛት የዘነበው ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋዎች ነው፤ ታች የተኛው ሰው ምን እየመጣ እንደሆነ አላወቀም። ዛሬ ሃያ ዓመት የሆናችሁ ያን ጊዜ አልተወለዳችሁም ወይም ጨቅላ ነበራችሁ። ጎርፍ ደግሞ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ያየው ትውልድ ሲያልፍ፣ ያላየው «እዚህ ውሃ መጥቶ አያውቅም» ማለት ሲጀምር። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ግን የመሥራት ሹክር ነው፤ የመጠበቁ ሹክር የእናንተ ነው።

ምን እናድርግ? ከእናንተ ግድብ የሚሠራ ጥቂት ይሆናል፤ ምህንድስና የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ሪፖርት የምትጽፉበትም የምትፈርሙበትም ቀን ይመጣል፤ ያኔ ይህን ጁምዓ አስታውሱት። የቀረነው ግን እጃችን ላይ ያለውን እንያዝ።

ሰፈራችሁ ውስጥ ወንዝ ወይም ቦይ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? ከእነሱ መሃል መራመድ የማይችል ሽማግሌ፣ አራስ፣ ብቻዋን የምትኖር እናት አለች? የመስጂዳችሁ ጀማዓ ስልካቸውን ይዟል? ክረምት ሳይገባ አምስት ወጣቶች ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበው ይህን ዝርዝር መጻፍ ይችላሉ። ያ ወረቀት የአል-ሙጦሊብ ገመድ ነው። የተደፈነው ቱቦ ከክረምቱ በፊት ይጠረግ። ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ብርድ ልብስና ሩዝ ይዘን እንሮጣለን፤ ደግ ነገር ነው፤ አላህ ይቀበለን። ግን የዚያን ሰደቃ ሩቡን ብቻ አስቀድመን ብናወጣው ምናልባት ብርድ ልብሱ ባላስፈለገ ነበር።

በመጨረሻ ደግሞ፣ ሁሉን አድርገን ጎርፉ ቢመጣስ? ይመጣል። ሰው የሠራው ሁሉ ልክ አለው፤ ከደይተን ግድብ የሚበልጥ ዝናብም አላህ ዘንድ አለ። ያኔ «ቀደር ነው» ማለት እንችላለን፤ በሙሉ አፋችን፣ እንደ እናቲቱ። ይህ ቃል ማጽናኛ የሚሆነን አማናችንን የተወጣን ቀን ነው። ያልተወጣን ቀን ግን ያው ቃል ምስክር ሆኖ ይቆምብናል።

ያ ረብ፣ በደርናም በድሬዳዋም በሌላውም አገር በውሃ ያለፉትን ማርልን። የቀሩትን ቤተሰቦች ልብ ጠግን። የሰጠኸንን ኒዕማ በምላሳችንም በእጃችንም ከሚያመሰግኑ ባሮችህ አድርገን። የማንም ሞት በእኛ ዝምታ እንዳይሆን ጠብቀን። አሚን።

ጁምዓችሁ የተባረከ ይሁን። ወላሁ አዕለም።